ታጭቼ ሳልሰማ ያመለጠኝ የክብር ዲግሪ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። የድሬዳዋን የግንቦት ሙቀት ለሚያውቀው አልነግረውም፤ ለማያውቀውም ብነግረው አያምነኝም። እኔ ግን ያን ሰሞን የማልረሳው በሙቀቱ አይደለም። ሰው መሀል ተቀምጬ ሰው ያጣሁበት ጊዜ ስለነበረ ነው።

በምድር ባቡር የዕቃ መጋዘን ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ አስካለ ካረፈች ወዲህ ገንደ ቆሬ ሰፈር ባለችው ቤቴ ብቻዬን እኖራለሁ። አንድ ልጅ አለኝ፤ ሐዋሳ ነው የሚሠራው፤ ለበዓል ይደውላል። ከጎረቤቴ ከፋጡማ ጋር የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እነሱ ሲስቁ እኔ ቤት ይሰማል፤ እኔ ሳስል እነሱ ቤት ይሰማል።

ወላጆቼ ከደጋ የመጡ ቢሆኑም እኔ ያደግሁት መጋላ ሰፈር፣ ከሶማሌና ከኦሮሞ ልጆች ጋር ኳስ ሳባርር ነው። ሁለቱንም ቋንቋ አፌን እንደፈታሁበት እናገራለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ደም ግፊቴን ልለካ ሆስፒታል ሄጄ፣ ከቢዮ አዋሌ ገጠር ልጇን አዝላ የመጣች እናት ከሐኪሙ ጋር መግባባት አቅቷት አየሁ። ሐኪሙ ከመሀል አገር የመጣ ወጣት ነው። እሷ በሶማልኛ ሆዱን ትላለች፣ እሱ ጭንቅላቱን ይዳስሳል። አላስችል ቢለኝ ገብቼ አስተረጎምኩላቸው።

በማግስቱም ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ጠዋት ጠዋት የሆስፒታሉ በር አጠገብ ካለችው ኒም ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ፤ ቋንቋ የቸገረው ሰው ሲመጣ አብሬው እገባለሁ። ጥበቃው «ቤተሰብ ነህ?» ይለኛል። «አዎ» እለዋለሁ። ያልተዛመድኩት ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር ለጽድቅ ብዬ አልነበረም የምሄደው። ቤቱ ጭር እያለብኝ ነው።

ግንቦት ሲገባ ሰፈሩ ተለወጠብኝ። ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለሱቅ አብዲ ከሰው ጋር እያወራ እኔ ስደርስ ዝም ይላል። ፋጡማ ድሮ በር ላይ አቁማኝ ስለ ጨውና ስለ በርበሬ ስታወራኝ የምትውል ሴት ናት፤ አሁን ከሩቅ «እንዴት አደርክ ጋሼ» ትልና ሹልክ ብላ ትገባለች። በግድግዳው በኩል የሚመጣው ሳቅም እኔ ሳስል ቀጥ ይላል። ድሮ ሳስል «ጋሼ፣ ሻይ ላፍላልህ?» ትለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አብዲን ያዝኩት።

«አንተ፣ ምን ሆናችኋል? እኔ ሳልፍ ሬሳ ነው እንዴ የሚያልፈው?»

«አቦ ጋሼ፣ አታስለፍልፈኝ። ወላሂ እንዳትናገር ተብያለሁ።»

«ማን ነው ያለህ?»

«ሁለት ሰዎች መጥተው ስላንተ ጠየቁ። በሽተኞቹ ገንዘብ ይሰጡታል ወይ አሉኝ። አይቀበልም አልኳቸው። በቃ አቦ፣ ከዚህ ሌላ አልናገርም።»

በዚያ ሰሞን ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ከገጠር የሚመጡ ሕመምተኞችን እየጠበቁ ገንዘብ የሚቀበሉ ደላሎች አሉ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ማስጠንቀቂያ ይነገር ነበር። ነገሩ ገጠመልኝ። የተጠረጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሰፈሩም አምኗል አልኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ምን እየተባልኩ እንደሆነ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቃል።

ሄደህ አታጣራም ነበር የሚለኝ ይኖራል። ግትር ነኝ። ሌባ ነህ ብሎ ያልጠየቀኝን ሰው ሌባ አይደለሁም እያልኩ ልለምን? ሆስፒታል መሄዱን ተውኩት። ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ያን ያህል ቀን ሰው ሳላናግር ኖሬ አላውቅም። አስካለ የሞተች ሰሞን እንኳ ለቅሶ ደራሽ ነበር። የጣሪያው ቆርቆሮ ከሙቀቱ የተነሳ ሲንጣጣ እሰማለሁ። ሬዲዮው «እንደምን ዋላችሁ» ሲል «ደህና» ብዬ እመልስለታለሁ። እህል አልወርድ አለኝ። ከሁሉ የባሰው ግን ሳል ሲመጣብኝ አፌን በትራስ ማፈን መጀመሬ ነው፤ የፋጡማን ቤት ሳቅ እንዳላቋርጥ ብዬ።

በዚህ መሀል አንድ ቀን ሬዲዮው የከተማችን አንድ ኮሌጅ ተማሪዎቹን እንዳስመረቀና የውኃ ጉድጓድ ላስቆፈሩ አንድ ባለሀብት የክብር ዲግሪ እንደሰጠ ተናገረ። ውኃ ላጠጣማ ይገባዋል አልኩና ዘጋሁት። እኔን ይመለከተኛል ብሎ ማን ይገምታል?

ከቀናት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ፋጡማና አንዲት ወጣት ሴት ቆመዋል። ወጣቷ ኢክራም እንደምትባልና ኮሌጁ ውስጥ መምህርት እንደሆነች ነገረችኝ። ወንበር ሰጥቻት ተቀመጠች፤ ፋጡማ ግን በር ላይ እንደቆመች ቀረች።

«አባባ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች ኢክራም። «ዘንድሮ ለክብር ዲግሪ ታጭተው ነበር።»

የምትቀልድብኝ መሰለኝ። እሷ ግን አሠራሩን በዝርዝር አስረዳችኝ። ኮሌጁ መጀመሪያ ከሕዝብ ጥቆማ ይቀበላል። እኔን የጠቆመችው ለአያቷ ያስተረጎምኩላት አንዲት ነርስ ነች። ከዚያ የኮሚቴው ሰዎች ጎረቤት ለጎረቤት ዞረው የሰውየውን ጠባይ ይጠይቃሉ፤ በጎ ሥራውን ለጥቅም የሚሠራው እንደሆነም ያጣራሉ። በመጨረሻ ሥራውን በዓይናቸው አይተው ለሴኔቱ ያቀርባሉ። ለታጨው ሰው ግን ትንፍሽ አይባልም፤ የተጠየቀው ጎረቤትም አደራ ይባላል።

«ለምን?» አልኳት።

«ሳይመረጥ ቢቀር ቅር እንዳይለው ተብሎ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ቅር እንዳይለኝ ብለው!

«ሥራዎትን ልናይ ሆስፒታሉ በር ላይ ተመላለስን፤ አጣንዎት። ጥበቃው ‹ትቶታል መሰለኝ› አለን። ኮሚቴውም የጀመረውን የሚተው ሰው ነው ብሎ ሌላ ሰው አቀረበ። እኔ ታመው ይሆናል ብዬ ነበር፤ ዛሬ ፋጡማን ስጠይቃት ቤት ዘግተው እንደተቀመጡ ነገረችኝ።»

ለምን እንደዘጋሁ ስነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ጭራሽ ያልጠበቅሁትን ጨመረችልኝ።

«ካባው ሲለበስ መድረክ ላይ አንድ የቤተሰብ ሰው አብሮ ይቆማል። እሳቸው ቤተሰብ አላቸው ወይ ብለን ፋጡማን ጠይቀናት ነበር። ‹እኛ አለን አይደል እንዴ አቦ! እኔ እቆማለሁ› አለችን። ለዕለቱ ብላ ድሪያ፣ ያን የበዓል ቀሚስ፣ አሰፍታለች።»

ዞር ብዬ ፋጡማን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች።

«ታዲያ ምነው በሬን ሳታንኳኪ?» አልኳት። ድምፄ ተቆጣ መሰለኝ፤ የተቆጣሁ ግን አይደለሁም።

«አፌን አላምነውማ ጋሼ! አንዴ ከገባሁ እነግርሃለሁ፤ ከነገርኩህ ደግሞ ይሰርዙብሃል ብዬ ፈራሁ። አንተን ባየሁ ቁጥር ሳቄ እየመጣ ነው የምሸሽህ። ደስታ ይዞኝ እኮ ነው፣ ወላሂ!»

ያን ቀን አለቀስኩ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ደስ አይልም፤ ግን አለቀስኩ። እኔ ለማላውቀው ሁሉ «ቤተሰብ ነኝ» እያልኩ ስገባ፣ ለእኔም እንዲሁ የሚል ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ኒሟ ዛፍ ተመልሻለሁ። ጥበቃው ወሬውን ሰምቶ «ዶክተር፣ ዛሬ አረፈድክ» እያለ ይቀልድብኛል። ኢክራም በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ልጠቁምዎት ብትለኝ አይሆንም አልኳት፤ ሰፈሩ ደግሞ ዝም እንዳይለኝ። ዲግሪው አይቆጭህም ወይ ለሚሉኝ፣ ይቆጨኛል፤ አልዋሽም። ፋጡማ ያቺን ድሪያ ለዒድ ለብሳት ሳይ በተለይ ቆጭቶኛል። ግን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ያ ጊዜ ነው። እነሱ ከግድግዳው ወዲያ በእኔ ሲደሰቱ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ትራስ ነክሼ ተቀምጬ ነበር።

ቤቱ ዛሬም ጭር ያለ ነው። ፋጡማም ኑሮ አለባት፣ ሁልጊዜ አትመጣም። ሳስል ግን በግድግዳው በኩል «ጋሼ፣ ደህና ነህ? ሻይ ላፍላ?» ትለኛለች።

አመሻሹ ላይ፣ ጭርታው ሲከብደኝ፣ አንዳንዴ ሳል ሳይመጣብኝም አስላለሁ።