የኤሊ እንቁላል ያስታቀፍኩ ጊዜ

ባለፈው ገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት ሴት በአህያ የጫነቻቸውን ቅሎች ስታወርድ እርስ በርሳቸው ተጋጩ። ቋ፣ ቋ የሚለውን ድምፅ ስሰማ እግሬ ቀጥ አለ። በጋሼ ደምሴ ጓሮ ወንዱ ኤሊ ሴቷን እያሳደደ በቅርፊቱ ሲገጫት እንዲሁ ነበር የሚሰማው።

ጋሼ ደምሴ የልጅነቴ ጎረቤት ነበሩ። ከቡሬ ነቀምት እየተመላለሱ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። ሲመለሱ ናፍጣና ማንጎ ይሸታሉ። ጋቢና ውስጥ አስቀምጠውኝ በጫኑት ጆንያ ላይ የተጻፈውን ስጠይቃቸው፣ ራስህ ድረስበት ይሉኝ ነበር። ደረስኩበት። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል የለየሁ፣ ሬዲዮ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ፤ በከተማችን እንደኔ ያለ አልተገኘም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ መንዳት ሲተዉ ከዓባይ በረሃ ሁለት ኤሊዎች ይዘው መጡ። ያን ጊዜ እኔ የልጆች አባት ሆኛለሁ፤ የእርሳቸውን ዓይን ደግሞ ሞራ እየጋረደው ነበር። አንድ ጥቅምት ሴቷ ከኮክ ዛፉ ሥር በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ጫረች፤ አፈሩን በሽንቷ አርሳ ስምንት ነጫጭ ክብ እንቁላሎች ጣለች፤ መልሳም ደፈነችው። ጋሼ ደምሴ ዙሪያውን በእሾህ አጠሩ።

"ዓይኔ ሳይጠፋ ልጆቿን ልይ እንጂ ሌላ ምን ቀረኝ" አሉኝ።

እኔን ግን ጥላቸው የሄደች እናት ዞራ እንኳ አለማየቷ አናደደኝ። መታቀፍ የፈለገች ዶሮ ነበረችኝ። እርሳቸው ቡሬ ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ እንቁላሎቹን ቆፍሬ አወጣሁና ጭድ በጎዘጎዝኩበት ቅርጫት አስታቀፍኳት። ሲመለሱ በኩራት ነገርኳቸው፤ በሃያ አንድ ቀን አስፈለፍላለሁ አልኩ። ዳግም ቢነካኩ ይብስ ይበላሻሉ ብለው መልሶ መቅበሩን ፈሩ። ዶሮዋ እንደ ልማዷ ስታገላብጣቸው ሰነበተች፤ የኤሊ እንቁላል ሲገላበጥ እንደሚሞት ያኔ አላወቅሁም። ሃያ አንድ ቀን አለፈ፣ ሃምሳም አለፈ፤ ሰልችቷት ጥላቸው ወጣች። ስሰብራቸው ሸተቱ። በአንዱ ውስጥ ባቄላ የምታክል ኤሊ ሞታ አገኘሁ።

ጋሼ ደምሴ አልተቆጡም፤ ከዶሮዋ ጋር ተማክራችሁ ነው ወይ ብቻ አሉኝ። መንደሩ ግን ዓመቱን ሙሉ ጫጩትህ እንዴት ናት እያለ አላገጠብኝ።

በዓመቱ ሴቷ እዚያው ሥፍራ ደግማ ጣለች። ጋሼ ደምሴ ዶማዬን ወስደው አልጋቸው ሥር ደበቁት። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ አፈሩን ካለሰለሰው በኋላ፣ አንድ ጠዋት መሬቱ ተሰነጠቀና አንዲት ግልገል ራሷን አወጣች። ከኋላዋ ሌላ፣ ሌላም፤ ስድስት ሆኑ። ተጣርቼ ሳበቃ ጋሼ ደምሴ ግድግዳ እየዳበሱ መጡ። ያን ጊዜ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለዩት። አንዷን መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። በአውራ ጣታቸው ጀርባዋን ደጋግመው ዳሰሱ።

"ቀለሟ ምን ይመስላል?"

"ቢጫ ነው፤ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አለበት" አልኳቸው።

"አየህ ልጄ፣ አንተ ሳትነካቸው ወጡ" አሉኝ።

ጋሼ ደምሴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ጓሮው በኑዛዜ ለእኔ ቀረ። ከኮክ ዛፉ ሥር ያለችውን ቁራሽ መሬት እስከ ዛሬ አልቆፈርኳትም። ጎረቤቶቼ በቆሎ የማልዘራባት ሰንፌ ይመስላቸዋል። ያልተጠየቅሁትን ሁሉ የማስረዳው ሰው፣ ይህን አስረድቻቸው አላውቅም።