ዘቧ የተቀመጠች ዕለት

ጸጉር ሰሪዋን ሰፈሩ በሙሉ «ዘቧ» ይላታል። መቀመጥ የት ታውቅና! ሰው ቤት ስትጠራ በር ተደግፋ ትቆማለች፤ ደንበኛ ሲጠፋ ወለል ትወለውላለች፤ ባሏ ቴሌቪዥን ከፍቶ «ነይ እስቲ፣ ቁጭ በይ» ሲላት «መጣሁ» ትልና ወደ ጓዳ ትገባለች። ታታሪ ተብላ ተመሰገነች። ሆድ ይፍጀው!

መቀመጫ የነሳት ብልቷ አካባቢ ያለው ቆዳ ነው። ለዓመታት ሲያሳክካት ኖረ፤ ነጥቶ፣ ሳስቶ፣ ሲብስም ይሰነጠቃል። ሳሙና ቀየረች፣ ቅባት ቀየረች። አንዱ ሐኪም ሳያያት «ሐሳብሽ ነው፤ ምንም የለብሽም» ብሎ ሸኛት። ከዚያ ወዲህ ለባሏም ትንፍሽ አላለች። ማታ ማታ ጀርባዋን ስትሰጠው፣ እሱም ውሎ አድሮ መጠየቅ ተወ። አንጀቷን የሚበላት ይሄኛው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የቆዳ ሐኪም ጸጉሯን ልትሠራ መጣች። ሰው ሁሉ ጉዱን የሚዘረግፍላት ጸጉር ሰሪ፣ ያን ቀን ማበጠሪያዋን እንደያዘች የራሷን ዘረገፈች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?» አለቻት ሐኪሟ። በማግስቱ አየቻት፣ የሕመሙን ስም ነገረቻት፣ የሚቀባ መድኃኒት አዘዘችላት። «አይተላለፍም፤ ከንጽሕናም ጋር አይገናኝም» አለቻት። አያይዛም፣ «እንዲህ የሚያሳክካቸው ሴቶች አእምሮ ላይ ጥናት እያደረግን ነው። አእምሮን ፎቶ የሚያነሣ መሣሪያ ውስጥ ሳትነቃነቂ ትተኚልናለሽ?» አለቻት።

«እኔ? ሳልቁነጠነጥ? እመቤቴ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ግን ሄደች። ያ «ሐሳብሽ ነው» የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣ ብሏታላ።

መሣሪያው ይጮኻል፤ ማሳከኩም ሰዓቱን ጠብቆ ተነሣ። ጥርሷን ነክሳ፣ በሐሳቧ የአንዲት ጸጉረ ብዙ ደንበኛ ራስ ትጎነጉን ጀመር። ጉንጉኑ ሳያልቅ ተነሺ ተባለች።

ሐኪሟ የአእምሮዋን ሥዕል ስታሳያት «በይ ንገሪኝ፣ ሐሳቤ ነው?» አለች ዘቧ።

«የአንድ ሰው ሥዕል ብቻውን አይፈርድም፤ የብዙ ሴቶችን አንድ ላይ ነው የምናየው» አለች ሐኪሟ። «ሕመምሽን ግን ቆዳሽ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አእምሮሽ ይሰማዋል እንጂ አልፈጠረውም።»

ዘቧ እየሳቀች ቤቷ ገባች። ለባሏ እንደቆመች ሁሉንም ነገረችው። ሰውየው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ነገር ይመረምራል እንጂ አይቸኩልም።

«ደወል መጮኹን አላቆም ሲል ሰው ደወሉን ይሰድባል» አለ በመጨረሻ። «እኔ ግን የተላጠ ሽቦ የት እንዳለ ነው የምፈልገው። ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ?» ድምፁ ዝቅ አለ። «አጠገቤ መቀመጥ ያስጠላሽ መስሎኝ ነበርኮ።»

ይሄን ስትሰማ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ። እሱም አብሯት ሳቀ።

መድኃኒቱ ቀስ እያለ ሠራ። አንድ እሑድ ከሰዓት ባሏ ፊልም ሲያይ፣ ሳይጠራት መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች። ፊልሙ ሳይጋመስ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ጎረቤት መሰላል ሊዋስ በሩን ከፈት አድርጎ አያቸውና «ምነው፣ አመማት እንዴ?» አለ።

«ዝም በል፤ ተቀምጣለች» አለ ባሏ በሹክሹክታ። ክንዱ ከደነዘዘ ቆይቷል። ፊልሙ አልቆ ሌላ ጀመረ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።