ልጄ ሊቀብረኝ የመጣ ዕለት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ለጎረቤት ሳጫውተው ሁሉም ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ሳቁ አብሮኝ አይገባም። እስቲ ልጻፈው ያልኩት ለዚህ ነው።

የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ከሰላሳ ዓመት በላይ የጭነት መኪና ነድቻለሁ። መሪ ጨብጦ ሲጋራ ማጤስ ነበር ሥራዬ ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ያለን አንድ ልጅ ቢንያም ነው፤ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል። እናቱን ከቀበርን ወዲህ እስከዚያ ጥቅምት ድረስ አልመጣም ነበር። መጀመሪያ መንገዱ ተዘጋ፤ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ሥራ በዛበት። "ፈቃድ አልሰጥ አሉኝ አባዬ" ይለኛል። እሱ ልጅ ሳለ እኔም ስንቱን በዓል መኪና ላይ እንዳሳለፍኩ ስለማውቅ አፌን ሞልቼ አልወቅሰውም።

ከዚያ እግሬን ጀመረኝ። ትንሽ ስራመድ ባቴ ክርር ብሎ ያስቆመኛል፤ ስቆም ይለቀኛል። ደሴ ሄጄ ስመረመር የእግርዎ የደም ቧንቧ ጠቧል ተባልኩ። መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ሲጋራ ተከለከልኩ። ዋናውን ሕክምና የነገረችኝ ግን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት።

"እስኪያምዎት ይሂዱ። ሲብስብዎት ቆመው ይረፉ። ሲለቅዎት እንደገና ይሂዱ" አለችኝ።

"ይኸው ነው?" አልኳት።

"ይኸው ነው፤ ግን ቀን እየዘለሉ አይደለም።"

ሕመሙን ሳልሸሽ በሄድኩ ቁጥር ደሙ በሌሎች ትንንሽ መንገዶች ማለፍ እንደሚለምድ አስረዳችኝ። የመንገድ ነገር ለሹፌር አይከብድም፤ ወዲያው ገባኝ።

ለቢንያም አልነገርኩትም። እንዳይጨነቅ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን እስኪጠይቀኝ እየጠበቅኩ ነበር።

እንግዲህ በየማለዳው ከቤቴ ወደ ሐይቁ ዳር መውረድ ጀመርኩ። ጉዳይ ሳይኖረው፣ ዕቃ ሳይዝ ብቻውን የሚመላለስ ሽማግሌ እኛ አገር ያሳዝናል። ባጃጆች አጠገቤ እየቆሙ "ጋሼ ይግቡ፣ እናድርስዎ" ይሉኛል። ሕክምና ነው ብላቸው አያምኑኝም። ከእግሬ ሕመም ይልቅ ለሁሉም ማስረዳቱ አደከመኝ። ነገሩ የገባት ዘይነባ ብቻ ናት። መንገዱ ዳር ትንሽ ሱቅ አላት። የመጀመሪያው ሕመም የሚይዘኝ እሷ በር ላይ ስለሆነ በርጩማ ታወጣልኛለች። "ጋሼ ካሳዬ፣ ትንሽ አረፍ በሉማ" ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ከእሷ በቀር ማንንም ሳላናግር ይመሻል።

የዚያን ቀን የቤቴ መብራት ተበላሽቶ ስለነበር ስልኬን እሷ ሱቅ ቻርጅ ላይ ሰክቼ ወረድኩ። ስንት ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ የከረመው ቢንያም የሚደውልበት ሰዓት ቢያጣ ያንን መረጠ። ዘይነባ አነሳችው።

"አባቴስ?" ይላታል።

እሷ ከበሯ ላይ ሆና ታች ሁለተኛው ሕመም የሚይዘኝ ዋርካ ጋ መቆሜን ታያለች። "ጋሼ ካሳዬ? መንገድ ላይ አርፈዋል" ትለዋለች።

ዘይነባ ሙስሊም ናት። ሰው ሲሞት "ሞተ" ወይም "አኼራ ሄደ" ነው የምትለው። ማረፍ ለእሷ በርጩማ ላይ መቀመጥ ነው። ልጄ ግን ቤተ ክርስቲያን ያደገ ነው፤ ሽማግሌ "አረፉ" ሲባል የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ጮኸ። ዘይነባ ምን እንደነካው ባታውቅም ልታረጋጋው ሞከረች። "አብሽር ወንድሜ፣ ኸይር ነው! ወላሂ ደህና ናቸው፤ ትንሽ እግራቸውን አሟቸው ነው!"

እስቲ አስቡት። የሩቅ ሰው ዘመዱ ሲሞትበት በስልክ የሚነገረው "ትንሽ አሞታል" ተብሎ አይደል? "አይዞህ፣ ደህና ነው" በተባለ ቁጥር እኔ ይበልጥ እየሞትኩ ሄድኩ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርኩም እስከ ማግስቱ አልተመለሰም።

ስመለስ ዘይነባ "ልጅዎ ደውሎ ነበር፤ እንጃ ምን እንደሆነ፣ በጣም ተጨንቋል" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ይህን ሳልደብቅ ልናገር። ደስ ያሰኘኝ ተጨንቋል መባሉ ነው። ቀኑን ሙሉ ብሞክር ስልኩ አልወጣልኝም። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬው ዋልኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዋርካው ጋ ደርሼ ባቴ ስለያዘኝ ጎንበስ ብዬ ቆሜያለሁ። አንድ ሰው ቁልቁል እየሮጠ መጣ። ጥቁር በጥቁር ለብሷል፤ ዓይኑ አብጧል። ቢንያም ነው። ኋላ እንደነገረኝ መጀመሪያ ቤቴ ሄዷል። በሩ ተቆልፏል፤ ድንኳን የለ፣ ሰው የለ። ለአባቴ አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰለትም ብሎ ደጄ ላይ ተቀምጦ ሲነፋረቅ፣ አንዲት ጎረቤት "ወደ ሐይቁ ወርደዋል እኮ" አለችው።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ያየሁት ጥቁር ልብሱን ብቻ ነው።

"ማን ሞቶ ነው?" አልኩት።

"አንተ!" አለኝ።

አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ፊቴን ይዳስሳል፣ ትከሻዬን ይጨብጣል፣ እንደገና ያቅፈኛል። እኔም አለቀስኩ። ከእናቱ ቀብር ወዲህ የሰው እጅ እንደዚያ ነክቶኝ አያውቅም።

ሁለት ቀን ቆየ። በሁለቱም ማለዳ አብሮኝ ወረደ። ስቆም ይቆማል፣ ሰዓት ይይዝልኛል፣ "አሁን ለቀቀህ?" ይለኛል። ሕመሙ ቶሎ ባይለቀኝ ብዬ የተመኘሁት በእነዚያ ሁለት ቀናት ብቻ ነው።

መናኸሪያ ስሸኘው ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኩት። "ለመሆኑ እንዴት ፈቃድ ሰጡህ?"

አንገቱን ደፋ። "አባቴ ሞተ ብዬ ነዋ። ለሐዘን ይሰጣል።"

"አሁን ታዲያ ምን ትላቸዋለህ?"

"ምን እላለሁ አባዬ? አልሞተም ብላቸው ለፈቃድ ብሎ አባቱን ገደለ ነው የሚሉኝ። ሁሉም ሊያጽናናኝ እየጠበቀ ነው" አለ። ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ሌላ አልተነጋገርንም።

ዛሬ መንገድ ላይ ሁለቴ ብቻ ቆሜ ሐይቁ ዳር እደርሳለሁ። ቢንያም በየእሁዱ ይደውልና "ዛሬስ የት ደረስክ?" ይለኛል። አልተቀየምኩትም። ያ ሩጫው ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ልጁ እንዴት እንደሚያለቅስለት በዓይኑ ያየ ሟች ብዙ አይገኝም። ግን ይከፋኛል። መቼ ትመጣለህ ማለትም ትቻለሁ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እሱ አባቱ የሞተበት ሰው ነው። አባቱ የሞተበት ሰው ደግሞ አባቴን ልጠይቅ ብሎ ፈቃድ አይጠይቅም።