በሁዳዴ የመጡ እንግዶች

አክስቴ ወጥ ስትሠራ አትለካም። ጨዉን በጣቷ ትቆነጥራለች፣ ድስቱን አንዴ ታያለች፣ ትበትናለች፤ በቃ። እጇ ሲሳሳት አይቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በዚያ እጅ አለመተማመኔ ያመጣውን ጣጣ ልናዘዝ ስለሆነ ነው።

የምትኖረው ከገሳይ ወደ ጉና ተራራ በሚያወጣው መንገድ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ መንደር ነው። እኔ ደብረ ታቦር እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጠይቃት እወጣለሁ፤ እሁድ ስመለስ ታዲያ ድንች አሸክማኝ ትከሻዬ ይገነጠላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጥታ ብቻዋን ነበረች። ባሕር ዳር የሚኖረው አንድ ልጇ «ፋሲካ ይለፍና መጥቼ እወስድሻለሁ፤ እዚያ ብርድ ላይ ብቻሽን አትቀሪም» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም እናቱን ሲወድ ለጉድ ነው።

«ባሕር ዳር ሄጄ ምን ልሠራ? ወንበር ላይ ተቀምጬ በር ልጠብቅ?» ትለኝ ነበር። ለሱ ግን አትለውም። ብትለው «እዚያስ ሆነሽ ምን ትሠሪያለሽ?» እንደሚላት ታውቃለች፤ ለዚህ ደግሞ መልስ አልነበራትም። ጎረቤቶቿን፣ ደጇ ላይ የምትታየውን ቤተ ክርስቲያን፣ የባሏን መቃብር ጥላ መሄዱ ከወዲሁ አንጀቷን ይበላት ነበር። ማታ ማታ ጸሎቷን ስትጨርስ ቀስ ብላ «እባክህ እዚሁ አኑረኝ» ስትል ሰምቻታለሁ።

መልሱ የተገኘው ከመንደሩ ማኅበር ነው። ጥቂት አባወራዎች ተሰብስበው ጉናን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች ሦስት የሣር ቤት ሠሩ። በቅሎ ያለው በተራው በቅሎ ያቀርባል፣ ዳገቱን የሚያውቅ ይመራል፤ ከገቢው የጋራ ድርሻ ወጥቶ ምንጩ ታጠረ፤ አስታ የሚባለውን የተራራ ቁጥቋጦ ለማገዶ እየቆረጡ እንዳይጨርሱት ጠባቂ ቆመለት። እኔ መጀመሪያ ስሰማ አሹፌ ነበር። «ማን ነው ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ብሎ እዚህ ውርጭ ውስጥ የሚያድር?» ብዬ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር በሆኑት ቄስ ፊት። እሳቸው ፈገግ ብቻ አሉ። እንግዶቹ መጡ፤ እኔም ቅዳሜና እሁድ የነሱ አስተርጓሚ ሆኜ አረፍኩት።

ያን ዓመት ምግብ ትሠራ የነበረችው ሴት ባሏን ተከትላ ከመንደሩ ወጣች። ቄሱ አክስቴን ጠርተው፣ ቀጥሎ ለሚመጡት እንግዶች አንድ ጊዜ ሠርታ እንድትታይና ካማረላት ሥራው የሷ እንደሚሆን ነገሯት። ቤቴ ድረስ ስልክ አስደውላ ነገረችኝ። ድምጿ እንደ ልጅ ይፈነድቅ ነበር። «ልጄን እንግዲህ ሥራ አለኝ እለዋለሁ» አለች።

እንግዶቹ ግን የሚመጡት በሁዳዴ ሆነ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ የሚያመጣቸው የባሕር ዳሩ አስጎብኚ ደግሞ ቀድሞ ደውሎ «ዶሮ ወጥ ይፈልጋሉ» ብሏል። በጾም ዶሮ! አክስቴ ወደ ቄሱ ሮጠች። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና «መሥራቱስ ይሁን፤ እንዳትቀምሺው ብቻ» አሉ። ዶሮዋ ታርዳና ተገንጥላ ከደብረ ታቦር ተጫነች፤ አክስቴም ለፋሲካ ያስቀመጠችውን ቅቤ ሳትሳሳ አወጣች።

የሚመጡት ዓርብ ስለነበር ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ በዋዜማው ወጣሁ። ጠዋት ማዕድ ቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ አክስቴ፣ ልታግዛት የመጣች ጎረቤቷና እኔ። ሽንኩርቱ በስሎ፣ በርበሬው ተቁላልቶ፣ ዶሮው ገብቶ አክስቴ ጨዉን በተነችና የእንግዶቹን አልጋ ልታይ ወጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን መዳፋችን ላይ ጠብ አድርገን ልሰን እናርፍ ነበር። አሁን ግን ሦስት ጿሚ ድስት ከበን ማሽተት ብቻ ሆነ ሥራችን። እኔም ልቤ ተጠራጠረ። ይህች ሴት ዛሬ ደንግጣለች፤ ጨው አሳንሳ እንደሆነስ? ጎረቤቷ ለእንጨት ወጣ ስትል ጠብቄ አንድ ቁንጥር ጨመርኩ። እንግሊዝኛ የማስተምር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሽሮ ሳሳርር የኖርኩ ሴት፣ የሷን ወጥ ላርም! ትንሽ ቆይቼ ደግሞ፣ ይበቃል አይበቃም ብዬ፣ ደገምኩት።

በስድስት ሰዓት እንግዶቹ ወደ ገበታ ቀረቡ። ጠዋት ጋፋት የድሮውን መድፍ መሥሪያ ሲያዩ ቆይተው፣ ከገሳይ ወዲህ ደግሞ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው እጅግ ርቧቸዋል። ባልየው አንድ ጎርሶ ውኃ ጠጣ። ሁለተኛ ጎረሰና ደግሞ ጠጣ። ሚስቲቱ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «በጣም ይጣፍጣል» አለች፤ እኔም እንዳለችው ተረጎምኩ።

አክስቴ ማሰሮውን አየች። «ምነው ታዲያ ውኃው ባንዴ አለቀ?»

አስጎብኚው ጎንበስ ብሎ እንግዶቹን ጠየቃቸው። ባልየው እያፈረ፣ ጨው ትንሽ እንደበዛ ተናገረ። አስጎብኚው ይህንኑ ለአክስቴ ነገራትና ማስታወሻውን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ።

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እጄ ነው» አለች። «አረጀሁ መሰል። ልጄ እውነቱን ነው፤ ልሂድለት።»

እዚህ ላይ ወዲያው መናዘዝ ነበረብኝ፤ አልተናዘዝኩም። ፈርቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው። በእንግዳና በአስጎብኚ ፊት፣ መምህርት ተብዬ፣ ምን እላለሁ? ከዚያ ፊቷን አየሁት። ባሏ በሞተ ጊዜ እንኳ እንዲያ ሆኖ አላየሁትም።

«እቴቴ፣ አንቺ አይደለሽም! እኔ ጨምሬበታለሁ። ሁለት ጊዜ።»

«ኧረ እኔም!» አለች ጎረቤቷ ከበሩ በኩል። «አሳንሰሽው መስሎኝ፣ በማርያም፣ አንድ እፍኝ!»

አክስቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። «እና ሦስታችንም ነን ጨው ያደረግነው?» አለችና ነጠላው ሥር ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ተጠጋሁ። እየሳቀች ኖሯል። ነገሩን ለእንግዶቹ ስተረጉም፣ መቅመስ ያልቻሉ ሦስት ሴቶች አንድ ድስት ላይ ተራ በተራ ጨው እንዳፈሰሱ ስነግራቸው፣ ባልየው መሶቡን ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ።

ሚስቲቱ ሳቋን ስትጨርስ «እናንተስ ምን ልትበሉ ነው?» አለች። በዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከጓዳ ያለውን እንደምንቀምስ ነገርኳት። «ታዲያ እንጠብቃችኋለን» አለች። አስጎብኚው ሰዓቱን እያየ ተቃወመ፤ የሰማው የለም። ጭላዳዎቹን ለማየት ወደ ገደሉ አፋፍ ወጥተው፣ በረኃብ አንጀታቸው ተጣብቆ ከኛ እኩል ተመለሱ።

አክስቴ ያን ቀን ያቀረበችው ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ነው፤ የተልባ ፍትፍት፣ የባቄላ ሽሮ፣ የጎረቤቷ ጓሮ ጎመን፣ የራሷ ድንች። ማንም ጨው አልጨመረባትም፤ አጠገቧም አልደረስንም። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ባረኩ። አክስቴ ጠቅልላ ወደ ሚስቲቱ አፍ ዘረጋች። «አፈር ስሆን! በሞቴ!» ሴትየዋ ጎረሰች፤ አላመጠች፤ አክስቴ ስታያት ሴትየዋ ማንም ሳይተረጉምላት አፏን ደግማ ከፈተች። እኔ እንባዬ መጣ፤ በርበሬ ነው ብዬ ዋሸሁ።

አስጎብኚው ማታ ወደ መኝታው ሲሰናበት «እናቴ፣ በጾም የማመጣቸውን ሁሉ እንዲህ ያብሉልኝ» አላት። ማኅበሩም ተሰብስቦ ሥራውን ለአክስቴ ሰጠ፤ እንዲህም ወሰነ፤ በጾም የመጣ እንግዳ መንደሩ የሚበላውን ይብላ። ከከተማ ዶሮ መጫን ቀረ። ተልባው ከአንዱ ቤት፣ ባቄላው ከሌላው፣ ጎመኑ ከጎረቤቲቱ መገዛት ጀመረ፤ በቅሎም መንገድ መምራትም የማይሆንላቸው መበለቶች ከእንግዳው የሚያገኙት ነገር ኖራቸው። እኔ ያሾፍኩበት ማኅበር!

ፋሲካ አለፈ፤ ልጇ እንዳለው መኪና ይዞ መጣ። አክስቴ ቤቷ አልነበረችም። የእንግዶቹ ማዕድ ቤት ውስጥ እጅጌዋን ሰብስባ አገኛት። «ደህና ገባህ ልጄ፤ ተቀመጥ፤ ስድስት ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለችው። ተቀመጠ። ስታዝ፣ ስትቆጣ፣ ከጎረቤቷ ጋር ስትሳሳቅ ግማሽ ቀን ተመለከተ። በልቶ ሲያበቃ ወደኔ ዞሮ «አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም» አለኝ።

በማግስቱ ልንሸኘው እስከ መንገዱ ዳር ወርደን መኪናው አጠገብ ቆመን ሳለ፣ አንድ ነገር ብቻ አላት። «እማዬ፣ አልጋ ገዝቼልሽ ነበር እኮ። ፍራሹም አዲስ ነው።»

«እሰይ የኔ ልጅ» አለች አክስቴ፣ ጉንጩን እየሳመች። «እንግዲያው ላከው፤ እዚህ እተኛበታለሁ።»

በወሩ አልጋው መጣ። እስከ መንገዱ ዳር በመኪና፣ ከዚያ ወዲህ በአራት ሰው ሸክም። የማኅበሩ ሰዎች ከበው አዩት፤ አንዱ የእንጨቱን ጌጥ እየዳሰሰ «ይኸስ ለእንግዶች ቤት ነበር የሚሆን» አለ።

አክስቴ በራፏ ላይ ቆማ መንገድ አሳየቻቸው። «የለም፣ ወዲህ አግቡት» አለች። «እኔ እዚህ እንግዳ አይደለሁም።»