በፊንጫ ውሃ ላይ የሄደው መስክ

ባለፈው ኅዳር ለለቅሶ ወደ ጌዶ ስሄድ ጉደር ድልድዩ አጠገብ አንድ ሚኒባስ ቆሞ አገኘሁ። ከውስጡ የወረዱት ወጣቶች ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ካናቴራ ለብሰዋል፤ ጀርባው ላይ «ፊንጫ ግድብ፣ ደርሶ መልስ» ይላል። አንዲት ልጅ ስልኳን ሰጥታኝ «አባባ፣ አንድ ጊዜ ያንሱን» አለችኝ። አነሳኋቸው። ግድቡን በተማሪነቴ አይቼዋለሁ ስላት «በእናንተም ጊዜ ለሽርሽር ይኬድ ነበር?» ብላ ተገረመች። ይኬድ ነበር፤ ስሙ ግን ሽርሽር ሳይሆን ጉብኝት ነበር አልኳት። ልዩነቱን ማስረዳት ስጀምር ሹፌሩ ክላክሱን ደጋግሞ ነፋና ልጆቹ ተሳፍረው ሄዱ። ለእሷ የጀመርኩትን እዚህ ልጨርሰው።

ዘመኑ የሰባዎቹ አጋማሽ ነው። አምቦ ውስጥ አሥራ አንደኛ ክፍል እማር ነበር። የትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጅም ነበርኩ። ሹመቱን ያገኘሁት ሌላ የፈለገው ሰው ስላልነበረ ነው። ጋዜጣው በማኒላ ወረቀት ላይ በእጅ ይጻፍና ሰኞ ጠዋት ከዳይሬክተሩ ቢሮ ጎን ይለጠፋል። ዋናው ጽሑፍ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ለተማሪው በሙሉ ይነበባል። የማነበው እኔ፣ የምትጽፈው ደግሞ የክፍሌ ልጅ አልማዝ ነበረች። የእጅ ጽሑፏ የማተሚያ ቤት ፊደል ይመስላል። ይህንንም ታውቀዋለች።

ጉብኝት ከሽርሽር የሚለየው በይለፍ ወረቀቱ ነው። ይለፍ ለማግኘት ለመንግሥት ቢሮ ማመልከቻ ይቀርባል። ከማመልከቻው ጋር ደግሞ በጉብኝቱ ምን እንደታየና ምን ትምህርት እንደተገኘ የሚገልጽ ሪፖርት በሦስት ቅጂ ይያያዛል። አዎ፣ ከመሄዳችን በፊት። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ቢሮው ሪፖርቱን እስኪያገኝ እንዳይጠብቅ የታሰበ ዘዴ ይመስለኛል። በጊዜው ማንንም አላስገረመም፤ እኔንም ጨምሮ።

እኛን የሚወስዱን የጂኦግራፊ አስተማሪያችን መምህር ኢተፋ ነበሩ። ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ፤ ጠመኔያቸውን እስከ መጨረሻዋ ጉራጅ ድረስ ይጽፉበታል። ሪፖርቱን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከመማሪያ መጽሐፉ እያየን አብረን ጻፍነው። እኔ ያከልኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ በጣም ኮርቼበታለሁም፦ «ከእግራችን ሥር ውሃው እያገሳ ተርባይኖቹን ሲያሽከረክር ተመለከትን።» መምህር ኢተፋ አንብበው ፈረሙ። አልማዝም ዓርብ ዕለት ማኒላው ላይ አሳምራ ገለበጠችው። እንግዲህ ቅዳሜ ስንነሳ ሰኞ የሚለጠፈው ሁሉ አልቆ ነበር ማለት ነው።

የተጓዝነው በኤንትሬ የጭነት መኪና ነው። አስፋልቱ ያኔ ከአምቦ ወዲያ ብዙም አይሄድም። ከጉደር በኋላ አቧራው ከኋላ እየተነሳ የሁላችንንም ፀጉር አንድ ዓይነት አደረገው። ሹፌሩ ኦቦ ገመዳ አቀበቱን በአንደኛ ማርሽ ሲወጡ ወርዶ መሮጥ ይቻል ነበር፤ ሁለት ልጆች ወርደው ሮጡም። ግራና ቀኝ ኑጉ አብቦ ተራራው እስከ ወገቡ ቢጫ ሆኗል። ከቤት የያዝነው ጩኮ ነበር፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የተለወሰ፣ ለመንገድ የተፈጠረ ምግብ ነው። ጌዶ ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። እዚያ ከአንዲት ሴት ቤት እርጎ ጠጥተን፣ የነቀምትን መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍን።

ግድቡ ጋ ስንደርስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ጥበቃው ይለፋችንን አገላብጦ አየና አንድ በአንድ ቆጥሮ አስገባን። ረጅም፣ ከላይ ጠፍጣፋ፣ ሣር የበቀለበት የአፈርና የድንጋይ ካብ ላይ ወጥተን ቆምን። በስተግራችን ዓይን የማይጨርሰው ውሃ ተኝቷል። በስተቀኛችን ሸለቆው ዝም ብሏል።

«ግድቡ የት ነው?» አለች አልማዝ።

«የቆምሽበት» አለ ጥበቃው።

«ተርባይኑስ?»

«እዚህ ምን ይሠራል? ውሃው ተራራውን በዋሻ አቋርጦ ገደሉ ሥር ነው የሚሠራው። እዚያ ደግሞ ይለፍ የላችሁም።»

አልማዝ ወደ እኔ ዞረች። «‹እያገሳ› አይደል ያልከው? በቀይ ማርከር እኮ ነው የጻፍኩት!»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ካቡ ላይ ተንበርክኬ ጆሮዬን መሬት ላይ ማድረጌን አስታውሳለሁ። ምንም አያገሳም። መምህር ኢተፋ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ውሃውን ያያሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ካርታ ላይ ያልነበረ ወንዝ ያገኘ ሰው መልክ ይታይ ነበር።

ውሃው ግን ውብ ነበር፤ ይህን ሳልል ባልፍ ውሃውን መክዳት ይሆንብኛል። አብዛኞቻችን ከአዋሽ የሚበልጥ ውሃ አይተን አናውቅም። ሰማዩን እንዳለ ይዞታል። ሪፖርታችን ላይ ይናወጣሉ፣ ይረጫሉ ካልናቸው ማዕበሎች ይልቅ ይህ ዝምታ አስፈራን። ይህን ያህል ውሃ ሰው እንዳቆመው ሳስብ ደረቴ ሞላ። ከመካከላችን አንዱ «እኛ ሠራነው» ሲል ማንም አላረመውም።

ምሳችንን ከዳር ተቀምጠን ስንበላ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው መጡ። ኦቦ ለሜሳ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከውሃው አፋፍ ላይ ነው። «አካም ኦልታን?» ብለን ሰላም ስንላቸው መርቀው ተቀመጡና ከጩኮው ቀመሱ። ከእኛ ጋር ያወሩት በኦሮምኛ ነው፤ አልፎ አልፎ ከተሜ መሆናችንን ለማክበር ይመስላል አማርኛ ጣል ያደርጋሉ።

ውሃው መካከል ሰፊ አረንጓዴ መስክ ነበር። ሰባት ላሞችና አንድ ወይፈን ሣር ይግጡበታል። ደሴት መስሎኝ ስሙን ጠየቅኋቸው።

«ስም የለውም። ነገ እዚያ አይገኝማ» አሉ።

«የት ይሄዳል?»

«ነፋሱ ወደ ወሰደው። ሥሩ መሬት አልያዘም፤ ውሃው ሲመጣ የረግረጉ ሣር ተነቅሎ ተንሳፈፈ። ከብት ይሸከማል። የወንድሜ ልጅ ላሞች ማለዳ ከዚህ ወጥተው ማታ ከዚያ ማዶ ነው የምንፈልጋቸው።»

«አባባ፣ ሊቀልዱብን ነው» አለች አልማዝ።

«የማታምኚ ከሆነ ተቀምጠሽ እዪ። ማየት እንደ ትምህርት ቤት አይከፈልበትም።»

ክርክር ተነሳ። ግማሹ ይሄዳል፣ ግማሹ አይሄድም አለ። ላሞቹን ብቻ ብታይ ዓይንህ ያታልልሃል፤ እነሱም ይራመዳሉና። እኔ አንድ እንጨት ካቡ ዳር ተከልኩ። ከእንጨቱ ኋላ ተጋድሜ በአንድ ዓይኔ ስመለከት የመስኩ ቀኝ ጫፍ ከማዶ ካለው ብቸኛ ባሕር ዛፍ ጋር ገጠመ። መምህር ኢተፋን ሰዓት እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው። ሰባት ሰዓት ነበር። እሳቸውም ከነሱሪያቸው አፈር ላይ ተጋድመው አዩ። ከዚያ ማንም እንጨቱን እንዳይነካ ተብሎ ሁላችንም ከኋላ ተደርድረን ጠበቅን።

ነፋስ መጣ። በሰባት ሰዓት ከሩብ ባሕር ዛፉ ከመስኩ ጫፍ ወጥቶ ለብቻው ቆሟል። መስኩ ወደ ግራ ሄዶ ከማዶ ካለው የቀይ አፈር ናዳ ፊት ደርሷል። ላሞቹ አንገታቸውን እንኳ አላነሱም።

«ይሄዳል» አሉ መምህር ኢተፋ ከመሬት ሳይነሱ።

ኦቦ ለሜሳ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እነዚህ ልጆች ምን እየተማሩ ነው? ዓይናቸውን ለማመን ሰዓት ይፈልጋሉ!» ከዚያ ሳቁን ትተው በበትራቸው ወደ ውሃው አመለከቱ። «አሁን ላሞቹ ካሉበት ሥር የአባቴ አውድማ ነው። በዚያ ወገን ደግሞ ቤታችን ነበር።» ይህን ያሉት ሳያማርሩ ነው፤ አድራሻ እንደሚናገር ሰው። ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ጻፍኩ። ያደረግኩት የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ይሄ ነበር።

ስንመለስ መኪናው ላይ ዘፈን ነበር። እኔ አልዘፈንኩም። ማኒላው ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው፤ በሪፖርቱ ሥር ያለው ፊርማ ደግሞ የመምህር ኢተፋ ነው። እውነቱን ባነብ ያላዩትን አይቻለሁ ብለው መፈረማቸውን በአደባባይ ማጋለጤ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር በትንሽ ተግሣጽም በትልቅ ቅጣትም ሊያልቅ ይችል ነበር። ዝም ብል ደግሞ መስኩን ለማየት ከእኔ ጋር መሬት ላይ የተጋደሙትን ሰው መካድ ይሆንብኛል።

እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ድንች ይኮተኩታሉ። የመጣሁበትን ስነግራቸው መኮትኮታቸውን አላቆሙም።

«ምን አየህ?» አሉኝ።

«መስኩ ከነላሞቹ ሲሄድ፣ ቲቸር።»

«እኔስ?»

«እርስዎም አይተዋል።»

«ተርባይንስ?»

«አላየንም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣህ?»

«ፊርማው የእርስዎ ነው።»

አሁን ቀና አሉ። «ፊርማው የእኔ ነው፤ ስለዚህ እሱን ለእኔ ተወው። ዓረፍተ ነገሩ ግን ያንተ ነው።» ከዚያ ወደ ድንቹ ተመለሱ።

አልማዝ ማኒላ አንድ ብቻ እንደሆነና ሌላ እንደማይገኝ ነገረችኝ፤ ከዚያም ዓርብ የደከመችበትን ገጽ ገለበጠችና ጀርባው ላይ እንደገና ጻፈች። እየጻፈች ሳለ «‹እያገሳ› የሚለው በጣም አምሮልኝ ነበር» አለች። እስከ ዛሬ ዕዳዋ አለብኝ።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ወጥቼ አነበብኩ። ግድቡ እንደማያገሳ፣ ተርባይኑ ሌላ ቦታ በመሆኑ እንዳላየነው፣ በውሃው ላይ ግን ከብት የተሸከመ መስክ በነፋስ ሲሄድ እንዳየን። እዚህ ላይ ሳቁ ፈነዳ።

«ላሞቹ ይለፍ ነበራቸው?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

«መስኩን አምቦ ድረስ ለምን አልነዳችሁትም!» አለ ሌላው።

ከእኛ ጋር የሄዱት እንኳ አንገታቸውን ደፉ። ዳይሬክተሩ እጃቸው ውስጥ የሐሙሱን ሪፖርት ቅጂ ይዘዋል። ወደ እኔ መጥተው ወረቀቴን ከላይ በመዳፋቸው ሸፈኑት። «በተፈረመው ላይ እንዲህ አይልም» አሉ።

ከመምህራኑ ሰልፍ መምህር ኢተፋ ወጡ። እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ስለዚህ ሁሉም ለመስማት ጆሮውን አቀና። «ያንን የፈረምኩት ሳልሄድ ነው። ተሳስቻለሁ። ይህ ልጅ የሚያነበውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰዓቱን የያዝኩትም እኔ ነኝ።»

ዳይሬክተሩ እሳቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «ላሞቹ ስንት ነበሩ?»

«ሰባት። አንድ ወይፈንም ነበር።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ከሰባት እስከ ሰባት ሰዓት ከሩብ።»

«ወዴት ሄደ?»

«ከባሕር ዛፉ ወደ ቀይ አፈሩ፤ እኛ ከቆምንበት ወደ ግራ።»

መዳፋቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ። «ቀጥል» አሉ።

የቀረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ከመስኩ ሥር የኦቦ ለሜሳ አባት አውድማ አለ።» ሳነበው የሳቀ አልነበረም። ከሰልፉ መካከል አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከዚያ ሁሉም። እኔ ግን ያየሁት መምህር ኢተፋን ነበር። አያጨበጭቡም። ጠመኔ ያለበትን እጃቸውን በካፖርታቸው ይጠርጉ ነበር፤ አንገታቸው ግን ቀጥ ብሏል።

ስለ ነገሩ የማብራሪያ ደብዳቤ እንዲጽፉ ተጠየቁ። ጻፉ። ቀጣዩ ጉብኝታችን ሳይፈቀድ ብዙ ቆየ። ሲፈቀድ ደግሞ መምህር ኢተፋ ከማመልከቻው ጋር ባዶ ወረቀት አያይዘው ከሥሩ «ስንመለስ ይሞላል» ብለው ጻፉበት። ባልደረቦቻቸው ያበዱ መሰላቸው። ይለፉ ግን ወጣ።

ከዚያ በኋላ በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ አየሁ። ዝግጅቱ ሳይጀመር ዜናው ተጽፎ የተሰጠኝ ጊዜ ጥቂት አይደለም። የተሳሳትኩበትም አለ፤ ያረምኩበትም። ሽልማት አግኝቼ አውቃለሁ፤ ግድግዳዬ ላይ ግን አልሰቀልኩትም። የምኮራበት ሥራዬ የትኛው እንደሆነ ወጣት ባልደረቦቼ ሲጠይቁኝ በአንድ ማኒላ ጀርባ ላይ የተጻፈውን እነግራቸዋለሁ። ይስቃሉ። ላሞቹ ጋ ስደርስ በተለይ ይስቃሉ፤ እኔም አሁን አብሬያቸው እስቃለሁ።

የሚኒባሱን ልጆች መስኩን እንዲፈልጉ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ አልደረስኩም። ጌዶ ለቅሶው ቤት ያገኘኋቸው ሰዎች ግማሾቹ ተንሳፋፊው ሣር ዛሬ ቀንሷል፣ ግማሾቹ ጨርሶ ጠፍቷል፣ አንዱ ደግሞ ከድሮው በዝቷል አለኝ። ከገና በኋላ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። እስከዚያ ስለሱ የምጽፈው ነገር የለኝም።