ካርድ የሚለየው ሳጥን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፤ ጎረቤት ማማቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ግን በየዓመቱ ደብቄ ተመልሻለሁ። አሁን ለማታውቀኝ ለአንተ ልናገር። ጤነኛ ልጄን አጋንንት ይዞታል ብዬ ጸበል ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ደብረ ታቦር ውስጥ ራዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። በዚህ እኮራ ነበር። ልጄ ደሳለኝ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ከማስቲካ የሚወጡ የኳስ ተጫዋቾች ካርዶችን ይሰበስባል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይለዋወጣል። እኔ ከቁማር አልለየውም ነበርና ገርፌዋለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ የጫማ ካርቶን አቅፎ ሱቄ መጣ።

"አባባ፣ ይቺ ራሷ ትለያለች።"

"ምኑን?"

"የማስቀምጠውንና የምለውጠውን።"

ከጣልኩት ቴፕ የነቀለው ሞተር ውስጧ ያንጎራጉራል። ካርዶቹ አንድ በአንድ እየገቡ ገሚሱ በቀኝ፣ ገሚሱ በግራ ይወጣሉ። ራሴ በወዝኳቸው። ፊታቸውን ወደ ታች ገለበጥኳቸው። ሳጥኗ አልተሳሳተችም። ልጁ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። አንዱን ጺማም ተጫዋች ሦስት ጊዜ ከመሀል ከተትኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ በግራ ወጥቶ አፈጠጠብኝ።

እንዴት ሠራሃት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ልጄን ልጠይቅ? "ይህ የሰው ሥራ አይደለም" አልኩ። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁለት ደንበኞች አማተቡ። ሳይመሽ ሠፈሩ ሁሉ ሰማ።

በማግስቱ ሳጥኗን ልሰብር ስል አንድ ካርድ አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። በጥቁሩ ጠርዝ ላይ፣ በአራቱም ጎን፣ በእናቱ ወስፌ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አየሁ፤ የተበሱት የሚለወጡት ብቻ ናቸው። ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው ወርዶ ከታች ያለውን ቆርቆሮ ሲነካ ሞተሩ ካርዱን ወደ ግራ ይገፋዋል። ይኸው ነው።

ልብ በል፤ ጸበል ከመሄዳችን በፊት አውቄያለሁ። ታዲያ ለምን ወሰድኩት? ተናግሬ ስለነበር ነው። ሠፈሩ ፊት ቆሜ "ልጄ በልጦኝ ነው" ከማለት ልጄን ለጸበሉ ውርጭ መስጠት ቀለለኝ።

ጉና ተራራ ሥር ካለው ጸበል ሰባት ቀን ሰነበትን። አጥማቂው ቄስ በመጀመሪያው ቀን አይተውት "ልጁ ደኅና ነው፤ ቤቱ ይግባ" አሉኝ።

"አባ፣ አንቱ ሳጥኗን አላዩም" ብዬ ተማጽኜ አስቀረሁት።

ውሃው እየወረደበት እንደ ልማዱ "ማን ነህ?" ይባላል። "ደሳለኝ ነኝ" ይላል ጥርሱ እየተንገጫገጨ። "ተደብቋል" ይላል ሕዝቡ። እኔም አብሬ "ተደብቋል" አልኩ። እኔ፣ ቀዳዳዎቹን ያየሁት። ስድስት ቀን ደሳለኝ ነኝ አለ። በሰባተኛው ቀን ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ፣ በጎርናና ድምፅ፣ "ሳጥኗን የሠራሁ እኔ ነኝ፤ እወጣለሁ፤ አልመለስም" አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን ድምፁን አውቀዋለሁ። ስቆጣ የማወጣው የራሴ ድምፅ ነበር፤ ትንፋሹ ሳይቀር።

ደሳለኝ ዛሬ ባለ ትዳር ነው። ሲመጣ ጉልበቴን ይስማል፤ እህል ይልክልኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንዲት ብሎን ሲፈታ አላየሁትም። አምና የተበላሸ ራዲዮ አመጣልኝ።

"አንተ አትሞክረውም?" አልኩት።

"እኔ አላውቅም፣ አባባ።"

የተናገረው በዚያ በጸበሉ ድምፅ ነው። ሌላ ድምፅ የለውም። ያኔ የወጣው ልጄ ነው፤ ውስጡ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው ያንተ አይደለም። የእሱ ነው። እሱን ደግሞ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።