መሪጌታ ሲያነቡት የጠፋው ጽሑፍ

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ላሊበላ ላይ ኢንተርኔት መጣሁ ሄድኩ በሚልበት ወቅት ነው። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ ላለ አንድ ገዳም ድረ ገጽ እሠራ ነበር። ኮምፒውተር ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ነው። የገዳሙን ታሪክና የዓመታዊ በዓሉን ቀን የያዘውን ጽሑፍ የገዳሙ የዳዊት መምህር፣ መሪጌታ፣ አንብበው ካልወደዱት ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተባልኩ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ባይ! ሰው ጽሑፌን እየገለበጠ እንዳይወስድብኝ ብዬ፣ በማውስ ሲመረጥ ፊደሉም መደቡም ነጭ እንዲሆን በሲኤስኤስ አዘዝኩት። የድረ ገጽን መልክና ቀለም የሚወስነው እሱ ነው። ሊገለብጥ የመጣ ሁሉ ባዶ ቦታ አይቶ ይሄዳል ብዬ ነው እንግዲህ።

መሪጌታ መጡና መነጽራቸውን አደረጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳዊት ሲያስተምሩ ስለኖሩ ቃል በቃል ሳይጠቁሙ አያነቡም። የስንደዶ መጠቆሚያቸውን ወደ ስክሪኑ ሲሰነዝሩ ደንግጬ «ኧረ የኔታ፣ በዚህ ይጠቁሙ» ብዬ ማውሱን ሰጠኋቸው። እንዴት ተጭነው እንደሚጎትቱም አሳየኋቸው።

ጎተቱት። የመጀመሪያው መስመር ድራሹ ጠፋ።

«በስመ አብ! ያነበብኩት የት ሄደ?»

ቀጠሉ፤ ሁለተኛውም ጠፋ።

«ሲያነቡት የሚሸሽ ምን ያለ ጽሑፍ ነው? እንዲህ ያለውንስ እሺ አልልም» ብለው ብድግ አሉ።

ጉድ ፈላ! «በሞቴ የኔታ፣ አምስት ደቂቃ ይታገሱኝ» ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። በማውስ ሲጎተትበት መደቡ ቢጫ፣ ፊደሉ ቀይ እንዲሆን አደረግኩት።

ተቀምጠው ጎተቱት። «አሁን ደግሞ ቀይ! ቀይ ቀለም የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ነው። ‹ነው› እና ‹ነበር› ምን ሠርተው ቀሉ?»

ፊደሉን ወደ ጥቁር መለስኩት። ቢጫው ብቻ ቀረ። «እንዲህ ነዋ!» አሉና እያንዳንዷን ቃል እየጠቆሙ ወረዱ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ በዓላችን በዚህ ወር ነው እንዴ?»

ክው አልኩ። አንድ ወር አሳልፌ ጽፌዋለሁ! አሥር ጊዜ አንብቤው አላየሁትም።

«እንግዳው መጥቶ አተላ ሊጠጣ ኖሯል!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። አረምኩት፤ እሺ አሉ፤ ሥራውም የእኔ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ድረ ገጽ ሠርቻለሁ፤ እንዲያ ያለ ብልጠት ግን ደግሜ አልሞከርኩም። ያን ቀን እንደ እኔ ሳይጠቁሙ አንብበው እሺ ቢሉ ኖሮ የመጀመሪያ ሥራዬ ያን ሁሉ ምዕመን ለባዶ ሜዳ መጥራት ይሆን ነበር። ባሰብኩት ቁጥር አፍራለሁም፣ አመሰግናቸዋለሁም።